ሸክላው እስኪያልቅ

መርፌውን ሸክላው ላይ አስቀምጣለሁ። ሸክላው ትንሽ ይንጫጫና ጊታሩ ሳሎኑን ይሞላዋል።

«ኧረ ቀንሺው! የላይኞቹ ፖሊስ ይጠሩብናል» ትላለች እማዬ፤ ግን እየሳቀች ነው። የሸክላውን ሽፋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጀርባው የተጻፈውን ስሜን በጣቷ ትዳብሳለች። ዘፈኖቼ የተሠሩለትን ፊልም አላየችውም። ሮክ የሚባለውንም «የቆርቆሮ ኳኳታ» ነው የምትለው። ቢሆንም ዘፋኟ ልጇ ናት፤ በሲዲ ዘመን ሸክላ ያወጣች ልጅ እዚህ እስራኤል፣ ሮቫ ቫቭ ሰፈር ውስጥ ከኔ በቀር የት አለች?

ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ሽማግሌዎች ቆመዋል። አያቴ ሐረጓ፣ የእማዬ እናት፣ ጎንደር ሆና ወደኛ ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ ትናንት አርፋለች። እማዬ አልሰማችም። ሸክላውን ታቅፌ ስመጣ መርዶውን ይዘው ሊገቡ ሲሉ ነው የደረስኩት።

«አባ ማሐሪ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ ትስማልኝ» ብዬ ትልቁን ሽማግሌ ለመንኳቸው። «መርዶው ከተነገረ ዓመት ሙሉ ዘፈን አትሰማም።»

«የሞተችው ያንቺስ አያት አይደለችም?» አሉኝ። አፈርኩ። ትንሽ አሰቡና «በይ ፍጠኚ፤ ሰው ቢያየን ነውር ነው» አሉ።

ይኸው አያቴ ሞታ እኔ ዘፈን አሰማለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የመጀመሪያው ፊት ያልቃል። ቤቱ ጸጥ ሲል ደረጃው ላይ አንድ ሰው ያስላል። እኔም ቶሎ ብዬ አብሬ እስላለሁ።

«ገልብጪው» ትላለች እማዬ።

«ዳይ፣ እማ፣ በቃ! ያኛው ፊት ያን ያህል አይደለም።»

«ገልብጪው አልኩሽ!»

እገለብጠዋለሁ። በዚህኛው ፊት ከበሮው ዝግ ይላል፤ ድምፄ ብቻውን ይወጣል። በሩ በቀስታ ይንኳኳል። እማዬ ቀና አትልም።

«ዛሬ ከጧት ጀምሮ ስልኬ አንዴም አልጮኸም» ትላለች። «የልጄ ሸክላ ዛሬ ይወጣል ብዬ ያላወራሁለት ዘመድ የለም። እንኳን ደስ ያለሽ የሚል አንድ ሰው ይጥፋ?»

ክው እላለሁ። መርዶ ያወቀ ዘመድ አይደውልም፤ ድምፁ እንዳያሳብቅበት ይሸሻል። ይህን እንዴት ዘነጋሁት!

«እናቴ ናት አይደል?»

መርፌውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ አንጓዬን ትይዘዋለች።

«ተዪው። ከእንግዲህ ዓመት ሙሉ አልሰማሽም፤ አሁን ደህና አድርጌ ልስማሽ።»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። እሷ አታለቅስም። እጄን ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ ትሰማለች። ከዚያ ትነሳና በሩን ራሷ ትከፍተዋለች።

«ግቡ» ትላቸዋለች። «አሁን ንገሩኝ።»