ሰልፍ የማያፈርስ ፈረስ

ከተማዋ ለንጉሡ የመጀመሪያውን የፈረሰኛ ጦር ልታሰልፍ ነው። የጦሩ አለቃ ፈረስ የሚገራውን ባልደራስ አስጠርቶ፣ «የናንተ አገር ፈረስ ጌታው ሲወድቅ አጠገቡ ይገተራል፤ ሰልፍ ያፈርሳል። ይሄን አመሉን አስጥልልኝ» አለው።

ባልደራሱ ጨከነ። ከየፈረሱ ላይ ሆን ብሎ እየወደቀ፣ አጠገቡ የቆመውን በአለንጋ ሸነቆጠ፤ ጥሎት የሄደውን ገብስ በመዳፉ አበላ። አንጀቱን የበላው ዳማው ፈረስ ነበር፤ እየተገረፈም አልሄድ ብሎ ከረመ። በመጨረሻ እሱም ተማረ። የባልደራሱ ልጅ ዳማውን ጭኖ ዘመተ።

ጦሩ ሲመለስ ዳማው ሰልፉን ሳያዛንፍ መጣ፤ ኮርቻው ባዶ ነው።

አለቃው ባልደራሱን አቀፈው። «ነፍሱን ይማረው። አንተ ግን እጅህ ይባረክ! ልጅህ ወድቆ ሲጣራ እንኳ ፈረሱ ዞር ብሎ አላየውም።»

ዳማው ገብሱን ፍለጋ የባልደራሱን መዳፍ አሸተተ።