ጆሮ ያልተበየደለት ጠገራ

ሴትዮዋ ሦስተኛውን ጠገራ ብር ከትሪው አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ታዞረዋለች። የምታየው ፊቱን ሳይሆን አናቱን ነው። አናቱ ላይ እኔ የበየድኩት ማንጠልጠያ ጆሮ አለ፤ በአውራ ጣቷ ዳሰስ ታደርገውና ትመልሰዋለች።

«ይኼም ተበይዷል» ትላለች።

«ጌጥ የሚሆነው እኮ ሲበየድ ነው፣ አዴ። ከጨሌ ጋር ስትሰኪው ነው የሚያምረው። የነቀምቴ ሙሽራ ሁሉ ከኔ ነው የምትወስደው።»

ይኼን ስናገር ትንሽ እኮራለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ባኬ ጃማ ሰፈር እዚችው ሱቅ ቁጭ ብዬ ጠገራ ላይ ጆሮ ስበይድ፣ በአመድና በሎሚ ሳሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብር አንጣሪው ሞረዳ ሲባል የማያውቅ የለም።

«ለጌጥ አይደለም የፈለግሁት፣ ኦቦ ሞረዳ። ለመሸጥ ነው።»

«ገና ሳትገዢው?»

አትስቅም። ቀልዴ እዚያው አፌ ላይ ይቀራል። ሸዋገነት እንደምትባል፣ ከአንገር ጉቲን እንደመጣች፣ አሁን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ከልጇ ጋር እንደምትኖር ስትገባ ነግራኛለች። አባቷ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አነጋገሯ ላይ ወሎ እስካሁን አለ። ገንዘቡን የያዘችው በጥቁር ፌስታል ነው፤ የቀሯትን ሁለት በሬዎች የሸጠችበት ነው።

«ከተኩስ ሁለት ጊዜ ሸሽቻለሁ» ትላለች። «መጀመሪያ ስንወጣ ሰሊጡ በጆንያ፣ ቆርቆሮው ከነቤቱ ቀረ። በሁለተኛው ላሞቹን ልንዳ ብዬ ልጄን ከሰው ጋር ላክኋት። ሁለት ቀን ፈለግኋት። አብሽሩ፣ አገኘኋት። ግን ከእንግዲህ ከብት እየነዳሁ አልሸሽም። የምይዘው ሰውነቴ ላይ የሚታሰር፣ የደረስሁበት ከተማ በዚያው ቀን የሚሸጥ ነገር ይሁን።»

«ባንክስ?»

«ያን ሰሞን ባንኩም ዝግ ነበር፣ ስልኩም አይሠራም።» ጆሮ ያለውን ጠገራ ወደኔ ትገፋዋለች። «ይኼን ዛሬ ገዝቼ፣ ነገ እየሮጥሁ መጥቼ ብመልስልዎ፣ በስንት ይወስዱልኛል?»

ነጋዴ ነኝ፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። «እኔ ጋ ዋጋ አይወርድም» ማለት ነው፤ ለስንቱ ብያለሁ። በዚያ ላይ ትሪው ላይ ያሉት ከተቀመጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ብትወስድልኝ እፎይ ባልኩ ነበር።

«በግማሽ» እላታለሁ። ከአፌ ሲወጣ እኔም እደነግጣለሁ።

«ለምን?»

«የተበየደውን ሙሽራ እንጂ ነጋዴ አይፈልገውም። እሳት ከነካው፣ ላዩ ላይ የተቀረጸው የንግሥቲቱ ፊት ታሽቶ ከለሰለሰ፣ እንደ ቁርጥራጭ ብር መዝነው ነው የሚወስዱት። ሰው በሚሸሽበት ሰሞን ደግሞ ሠርግ የለም።»

በምን አወቁ አትለኝም። ብትለኝ መልሱ እዚያው ትሪው ላይ ነበር። ያን ሰሞን ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደዚህ የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ከአንገታቸው እየፈቱ የሰጡኝን በግማሽ ነው የገዛሁት። ማንም አልከሰሰኝም። እኔ ግን አሁን፣ ይቺ ሴት ፊት፣ አፍሬያለሁ።

ትሪውን አንስቼ ከጀርባዬ አስቀምጥና የዱቄት ወተት ጣሳዬን አወጣለሁ። ውስጡ እሳት ያልነካቸው አሥራ አንድ ጠገራዎች አሉ። ቅዳሜ ለሚመጣው የአዲስ አበባ ነጋዴ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የዘንድሮ ትርፌ ማለት እነሱ ናቸው።

«ጠቁረዋል እኮ» ትላለች።

«ይጥቆሩ። አደራ እንዳታሺያቸው። ዘውዷ ላይ ያሉትን ፍሬዎች ተመልከቺ፣ አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ጥርት ይበል። ጠርዙ ዙሪያውን ጽሑፍ ይኑረው። እንዲህ ያለውን ደሴም ብትደርሺ፣ አዳማም ብትደርሺ፣ ዓይተው ይገዙልሻል።»

«ቶሌ፣ እሺ» ብላ ታጎነብሳለች። በጥፍሯ ጫፍ እየነካች አንድ በአንድ ትመረምራለች። ሁለቱን መልሳ ወደኔ ትገፋቸዋለች። መነጽሬን አድርጌ ሳያቸው ልክ ናት፤ የአንደኛው ጠርዝ ተሞርዷል፣ የሌላው ዘውድ ጠፍቷል። ይኼን ያህል ዘመን ሠርቼ እኔ አላየሁትም። ከቀሩት ሰባቱን ትመርጣለች፤ ለአዲስ አበባው ሰው በምሰጥበት ዋጋ እሰጣታለሁ።

አመሰግናለሁ ብላ ትሄዳለች ስል መቀነቷን ትፈታለች። ሰባቱን በአንድ ላይ ጠቅልላ፣ ወገቧ ላይ አጥብቃ ታስርና ከመሬት ብድግ ብላ ትዘልላለች። ብሮቹ ይንሿሿሉ።

ልስቅ እልና ፊቷን ሳይ እተወዋለሁ።

«ድምፃችን እንዳይሰማ ጫካ ውስጥ ተኝተን ነበር የዋልነው» ትላለች፣ ቋጠሮውን እየፈታች። «አንዲት እናት ሕፃኗ እንዳያለቅስ አፉን በእጇ ይዛ።»

ብሮቹን ለየብቻ ልትጠቀልልበት የነጠላዋን ጫፍ ልትቀድ ስትል እጇን እይዛታለሁ። ብር የምወለውልበትን ጨርቅ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰባት ቦታ እቆርጠዋለሁ። እሷ አራቱን፣ እኔ ሦስቱን እንጠቀልላለን። ጠገራ ጠቅልዬ አላውቅም፣ ስገልጥ ነው የኖርኩት። መልሳ ታስራቸዋለች።

የገበያው ጫጫታ እንዳያታልለን በሩን እዘጋለሁ።

«እስቲ ይስሙልኝ» ብላ ትዘልላለች።

ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ከሸበጧ በቀር ምንም የለም።

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» እላታለሁ። «አሁን ደግሞ ሩጪ።»

ከሚዛኑ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሚዛኑ፣ በዚያች ጠባብ ሱቄ ውስጥ ትሮጣለች።