ሰባተኛው መስመር

ተክሌ ገብረመድኅን ዘለቀ ሳይቆጥር የሚያልፈው ነገር አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ በኒውላንድ በኩል ወደ ቢሮው ሲሄድ ቀያሾች የተከሏቸውን ካስማዎች ቆጠረ፤ አርባ ስምንት። ጋምቤላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ የተከራያቸው ቤቶች ስድስት። ለጡረታ የቀረው ሦስት ዓመት።

ቢሮ ውስጥ ወሬው አንድ ነበር፤ የሠራተኛ ቅነሳ መጥቷል።

"ጋሼ፣ ኃላፊው በዛሬው አውሮፕላን ሄዱ። ይህን ፍሎፒ ጋሽ ተክሌ ምክር ቤት ያድርሰው፣ ሰኞ ይለጠፋል ብለዋል" አለችው ጸሐፊዋ አቻን።

ምሳ ስትወጣ ከፈተው። ጽሑፉ ሁሉ ሳጥን በሳጥን ሆነ። በአማርኛ የሚጽፈው አዲሱ ኮምፒዩተር ኃላፊው ክፍል ተቆልፎበታል፤ የእሱ አሮጌ ነው። አቻን ቀደም ሲል አስረድታዋለች፦ "ሳጥኑ ፊደል ነው፣ ጋሼ። የእኛ ማሽን አላወቀውም እንጂ ውስጡ አለ። ምክር ቤት ሲከፈት ይነበባል።"

ቆጠረ። አንድ ሳጥን አንድ ፊደል። አሥራ ሁለት ስም። ሰባተኛው መስመር ሦስት፣ ሰባት፣ ሦስት። በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ የሚቆጠር ስም የእሱ ብቻ ነው። በየመስመሩ ጫፍ ቁጥሩ ብቻ ይነበባል፤ 500።

"ሃያ ሁለት ዓመት አገልግዬ መሸኛዬ አምስት መቶ ብር!"

ለምን እንደሆነም አላጣውም። ለቤት መሥሪያ ቦታ አሥራ አንድ ማመልከቻ የጻፈ ሰው ማንን አያሰለችም?

ኃላፊው የጻፉት የሠራተኞች ዝርዝር በሌላ ፍሎፒ ነበረው፤ ያም ሳጥን ነው፤ የታተመው ወረቀት ግን እጁ ላይ አለ። አሥራ ዘጠነኛዋ አቻን ኦጆት ኪየር ናት። አራት ልጆች አሏት፤ ይህንንም ቆጥሮ ያውቃል። የአሥራ ዘጠነኛውን መስመር ሳጥኖች ቀድቶ ሰባተኛው ላይ ለጠፈ፤ የራሱን አጠፋ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት።

"ምሳ ሳይበሉ ዋሉ አይደል?" አለችው ተመልሳ። ሦስት ማንጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሁለቱን በላ፤ ፍሎፒውን አደረሰ።

ሰኞ ጠዋት አቻን ከማስታወቂያ ሰሌዳው እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ታለቅሳለች።

"አይዞሽ፣ የኔ ልጅ" አላት ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ። "ሥራ እንደሆነ ሌላም ይገኛል።"

"የምን ሥራ፣ ጋሼ? ኒውላንድ፣ አምስት መቶ ካሬ! እኔ እኮ ማመልከቻ እንኳን አላስገባሁም!"