ያልተሸነፉት ሥራ አስኪያጅ

ልጆቼ፣ እኚህን ሥራ አስኪያጅ በቼዝ የሚረታ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤታቸው ጠፋ። በየምሳ ሰዓቱ አንዱን ከሌላው አስከትለው ይዘርሩና፣ «ኧረ ሰው አምጡልኝ!» እያሉ ይፎክራሉ።

ሰው ሲያልቅባቸው ኮምፒውተራቸው ላይ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም አስጫኑ።

«ይቺን ቆርቆሮ ዛሬ ጉድ እሠራታለሁ!» አሉ። ከበው የቆሙት ሠራተኞች አጨበጨቡ።

ሻያቸው እንኳ ሳይቀዘቅዝ ንጉሣቸው መውጫ አጣ። ደገሙ፤ ያው ነው። ሠለሱ፤ ባሰ። ያ ሁሉ ዝናቸው በሠራተኛው ፊት ሲረግፍ ታያቸውና ላብ አጠመቃቸው።

«እኔን? በዚህ ቤት ማንም አሸንፎኝ የማያውቀውን?» ብለው ጠረጴዛውን ደለቁት።

ምክትላቸው አቶ ስንሻው ሊያጽናኗቸው ተጣድፈው ጎንበስ አሉ።

«ጌታዬ፣ አይቀየሙት። አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ፤ እርስዎ አለቃ መሆንዎን ማንም አልነገረውም።»