ዳገቱን የሚገፋኝ

የባለቤቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ ለሥራ መመላለሻ የሚሆነኝን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልመርጥ ሄድኩ። እሱ በሕይወት ሳለ ጠዋት ጠዋት የደሴን ዳገት የድሮ ብስክሌቴን ኮርቻ ከኋላ እየገፋ ያወጣኝ ነበር። «ማታ ድንጋይ ነው እንዴ የበላሽው?» እያለ ያሾፍብኛል።

«ይሄኛው የተራራ ነው፣ እህቴ» አለኝ ሻጩ። «ዳገት ላይ ሞተሩ ራሱ ይገፋሻል። ሰው አያስፈልግሽም።»

እሱን ገዛሁ።

ሰኞ ጠዋት፣ ብቻዬን እንዴት እወጣዋለሁ ብዬ ስፈራው የከረምኩትን ዳገት አንዴም ሳልወርድ ወጣሁት። ሻጩ እውነቱን ነው አልኩ። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ስደርስ ልጄ ኤፍራታ ደወለች።

«እማዬ፣ ዳገቱን በምን ልትወጪው ነው? የብስክሌቱን ባትሪ ቻርጅ ላይ ረስተሽው ሄድሽ እኮ።»