በምሰሶው ጫፍ የተደፋው በርሜል

ካፒቴን አልናታን የመርከቡ ምሰሶ ጫፍ ላይ ተጣብቆ በርሜሉን በመዶሻ ቢወቅጠው፣ ቢወቅጠው ንቅንቅ አልል አለው። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ጦርነት ወደቡን ሲዘጋው፣ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ተብሎ በየመርከቡ ምሰሶ ላይ የቅጥራን በርሜል ተደፍቶ ነበር። የአሜሪካዋ የማርብልሄድ ወደብ ሰው ጦርነቱን ባወጀው ፕሬዚዳንት ሲያላግጥ «የፕሬዚዳንቱ የሌሊት ቆብ» ይለዋል። ዛሬ የሰላም ውሉ ሙሉ ቃል በጋዜጣ ስለደረሰ ደወሉ ሁሉ ይደወላል፣ ቆቡም ሁሉ ይወልቃል።

«ካፒቴን፣ በስልሳ ዓመትህ ጦጣ ሆንክ እንዴ?» አለ ከታች ፀጉር አስተካካዩ ፔሌግ፣ ጋዜጣውን እያውለበለበ።

«ዝም ብለህ ለጀሩሻ አንብብላት!»

ሸራ ሰፊዋ ጀሩሻ እጇን አጣምራ ቆማለች። ባሏን የእንግሊዝ ጦር መርከብ በግድ መርከበኛ ሊያደርገው ከገዛ መርከቡ ላይ ጎትቶ ወስዶት እዚያው ሞቶ ቀርቷል። ስለዚህ አልናታን በጠየቃት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፦ «እንግሊዞች ሰው ከመርከብ ላይ እንደማይወስዱ ይፈርሙ፤ ያን ቀን አገባሃለሁ።» ሦስት ዓመት ጠብቋታል።

ፔሌግ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ደሴቶቹ፣ ስለ ምርኮኞቹ አነበበ። ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ አየው፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ስለ መርከበኞቹስ?» አለች ጀሩሻ።

«የለም፣ እትዬ።»

«በደንብ እይ!»

«ሦስቴ አየሁት። አምስት መልእክተኛ ለድርድር አውሮፓ፣ ጌንት ከተማ ድረስ ልከን፣ አምስት ወር ተጨቃጭቀው፣ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላሉም።»

የአልናታን መዶሻ ቆመ። ጀሩሻ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም፤ እሱም የሚወድላት ይህንኑ ነው። ዓይኑን ንፋሱ ነው ብሎ ጠረገ።

ድንገት የገመድ መሰላሉ ከእግሩ ሥር ተወዛወዘ። ጀሩሻ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ እየወጣች ነው። ወደቡ በፉጨት ቀለጠ።

«አንቺ ሴት፣ ትወድቂያለሽ!»

«በርሜሉን ትጥላለህ ወይስ እዚያው ልታድር ነው?»

«ውሉ ላይ የለም እኮ!»

«ሰምቻለሁ።» አጠገቡ ደርሳ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እነሱን ስጠብቅ አርጅተን ልናልቅ ነው። ከእንግዲህ ወደ ባሕር ስትሄድ አብሬህ እሄዳለሁ። ሊወስዱህ ከመጡ ሁለታችንንም ይውሰዱ፤ እኔን ግን አይችሉኝም!»

አልናታን መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አደረገ። በርሜሉን ጎን ለጎን በትከሻቸው ገፉት፤ ወርዶ በረዶው ላይ ብትንትን አለ።

ሕዝቡ ከታች ሲጮኽ፣ ጀሩሻ አንድ ክንዷን በአልናታን ወገብ ጠምጥማ፣ ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታው የኖረችውን ባሕር ታይ ነበር።