መነሻ ነጥብ

የቤቱ ግድግዳ በአንድ ሳምንት ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። እናትየው የመሬት ለኪውን ስታስጠራ ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ ልጆቼን ዛሬ የት ላስተኛ?

ለኪው ሠላሳ ዓመት ባለ ሞላ የስበት መለኪያ ተሸክሟል። ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ ሻንጣ የሚያክል የኳንተም መሣሪያ ሰጠው፤ አተሞችን ጥሎ አወዳደቃቸውን የሚለካ። መመሪያውን አልገለጠውም። መለኪያ ያው መለኪያ ነው ባይ ነው።

«ከሥር ባዶ ካለ ቁጥሩ ይቀንሳል» አላት።

እንደ ልማዱ መነሻ ነጥብ መረጠ፤ ስንጥቅ የሌለበትን ጓዳ። በሩን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ ዘጋና ለካ። የመጨረሻዎቹ አሃዞች አርባ አሉ። በጎረቤት በኩል ያለው ሳሎን ሠላሳ አራት።

«አላልኩም? እሱ ነው!» አለች እናትየው ወደ ጎረቤቷ አጥር እየጠቆመች።

ጎረቤትየው ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ሰፈሩ «ፍልፈል» ይለዋል። ባጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል።

«ቤቴን ከሥር ቦርቡረህ ጨረስከው አይደል?» ጮኸችበት።

«ቁፋሮ ከተውኩ ስድስት ወሬ ነው፣ እህቴ። ይልቅ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። መሬቱ ሲያጉረመርም እሰማለሁ።»

«ሰማኸው ጋሼ? ሊያስለቅቀን ነው!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለኪው ሰውየውን በክፉ ዓይን አየው።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ጓዳው ተመልሶ ለካ፤ ሠላሳ ስድስት። አመሻሽ ላይ ሠላሳ አንድ። ሳሎኑ ግን ያው ሠላሳ አራት ነው። ከጓዳው ሲወጣ በሩ አልገጥም ብሎት በትከሻው ገፋው።

«እንጨቱ አብጧል» አለ።

«ቁጥሩስ ለምን ወረደ?»

«መሣሪያም እንደኔ ይደክመዋል፣ ልጄ» ብሎ ሳቀ።

ባለ ሞላው እንዲያ ነበር። ሲውል ሞላው ይላላል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፤ እሱም መነሻው ላይ የጎደለውን መልሶ ይደምራል። ዛሬም ዘጠኝ ደምሮ ጓዳውን ወደ አርባ መለሰው።

«ሳሎኑን ልቀቁ። ሁላችሁም ጓዳ እደሩ፤ ከሱ የጸና የለም።»

ሦስቱ ልጆች ፍራሻቸውን እየጎተቱ ገቡ። እናትየው እንባ ቀረሽ ሆና መረቀችው። በሩን እሱ ከውጭ፣ እነሱ ከውስጥ ታግለው ገጠሙት።

ፍልፈል አሁንም አጥሩ ላይ ነበር። ለኪው ሰላም እንኳ ሳይለው አለፈ።

ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ መሣሪያውን ሊወለውል ሻንጣውን ሲከፍት መመሪያው ወደቀ። የመጀመሪያው ገጽ በቀይ ተጽፏል።

«ይህ መሣሪያ ሞላ የለውም፣ አይደክምም፤ አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ ከቀነሰ የተለወጠው መሬቱ ነው።»